የሌሊት መጠጥ ቤትና የመብል ደንብ

በባዶ ሆድ የተጠጣ መጠጥ ፈጥኖ ከደም ይደርሳል፤ መብል ሲቀድመው ግን ስለሚዘገይ ጠጪው ቶሎ አይሰክርም። ስለዚህ ብዙ መንግሥታት የሌሊት መጠጥ ከመብል ጋራ እንዲሆን ደንግገዋል። በእንግሊዝ አገር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1921 ዓ.ም. የወጣው ሕግ፥ ከመዝጊያው በኋላ አንድ ሰዓት ሊጨመር የሚችለው ራት ለሚበላ እንግዳ እንዲሆን ወስኖ ነበር።

ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን መብል ማለት ምን እንደ ሆነ ያልወሰነ ሕግ ለተንኰል በር ይከፍታል። ለዚህ የኒው ዮርክ የሰንበት ሕግ ምስክር ነው። በ1896 ዓ.ም. የወጣው የሬይንስ ሕግ፥ በእሑድ መጠጥ የሚሸጠው በሆቴል ብቻ፥ ያውም ለእንግዳ ከመብል ጋራ እንዲሆን አዘዘ፤ ሆቴል ለመባል 10 መኝታ ክፍል ይበቃ ነበር። ባለመጠጥ ቤቶችም ፎቁን በሳንቃ እየከፈሉ «ሆቴል» አሉት። በየጠረጴዛው የሚቀርበው የደረቀ ሳንድዊች ማንም ሳይበላው ከአንዱ ጠጪ ወደ ሌላው ይዞር ጀመር። ክፍሎቹ የዝሙት መናኸሪያ ስለ ሆኑ፥ በ1905 ዓ.ም. ይህን ለማስቀረት የሚታገል ማኅበር ቆመ።

በ2020 ዓ.ም. በወረርሽኙ ጊዜ እንግሊዝ በአንዳንድ አውራጃዎች መጠጥ ከ«በቂ ምግብ» ጋራ ብቻ እንዲሸጥ ስታዝዝ፥ በሥጋ የተጠቀለለ አንድ እንቁላል በቂ ነውን? ተብለው የተጠየቁት ሚኒስትሮች መልሳቸው አልተስማማም። አየርላንድ ግን በዚያው ዓመት የምግቡ ዋጋ ከ9 ዩሮ እንዳያንስ ቈርጣ ወሰነች።

እንግዲህ ደንብ የሚያወጣ ሹም የመብሉን ዐይነትና ልክ በግልጥ ይጻፍ። ነጋዴም ለተቈጣጣሪ ዓይን ሳንድዊች ከማኖር ትኩስ ሾርባ ቢያቀርብ፥ ደንበኛው በሰላም ከቤቱ ይገባል፤ እርሱም በማግሥቱ ሳይሠጋ በሩን ይከፍታል።