ባለ ሁለት ቃታው ጠመንጃና የማለዳው ብርድ

ለኳስ ተመልካች «መድፈኞቹ» ሲባል ትዝ የሚለው አርሴናል ነው፡፡ ቢቸናና ሞጣ ላይ ግን ስለ ተኩስ ከተነሳ ወሬው ስለ እውነተኛው ጠመንጃ ነው፡፡ የአርበኛው በላይ ዘለቀ አገር ጠመንጃን ከክብር ጋር አያይዞ የኖረ ነው፡፡ ሁለቱ ከተሞች ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ ወደ ጮቄ ከፍ ሲባል ደግሞ የህዳርና የታህሳስ ማለዳ ጣት ያደነዝዛል፡፡ የደነዘዘ ጣትና ቃታ ደግሞ አይስማሙም፡፡

አገሬው ምንሽር የሚለው ማንሊከር የጦር መሳሪያ ነው፤ ቃታው ጠንከር ይላል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1903 የወጣው የአደን ወንድሙ ማንሊከር ሾናወር ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቃታ አለው፡፡ የኋላኛው ሲሳብ «ቀጭ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ የፊተኛው ገና ሲነካ ይተኩሳል፡፡

ለአዳኝ ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ጠመንጃው ሳይነቃነቅ ኢላማው ይመታል፡፡ ጣጣው የሚመጣው በብርድ ነው፡፡ ወፍራም ቅባት ሲረጋ የቃታው ጥቃቅን ብረቶች በቅጡ አይያያዙም፡፡ ያኔ ሰደፉ ድንጋይ ቢነካ እንኳ ጥይቱ ሊወጣ ይችላል፡፡ ከውርጭ ወደ ሞቀ ቤት የገባ ጠመንጃም ያልበዋል፤ ተመልሶ ሲወጣ ያ እርጥበት በረዶ ይሆናል፡፡

ታዲያ ምን ይደረግ? አሮጌውን ቅባት ጠርጎ ስስ ዘይት በትንሹ መቀባት፡፡ አፈሙዙ ወደ ኢላማው ዞሮ፣ ከኢላማው ጀርባም ሰው አለመኖሩ ሳይረጋገጥ የኋላኛውን ቃታ አለመንካት፡፡ በወፍራም ጓንት ቃታ አለመፈለግ፡፡ አውሬው ከሸሸ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሮ፣ መዝጊያውን ከፍቶ ጥይቱን ማውጣት፣ ከዚያ ቃታውን ማላላት፡፡ ከሁሉም በላይ ቃታው እንደተዘጋጀ አንድ እርምጃ እንኳ አለመራመድ፡፡

ብርድና ጠመንጃን አብሮ የያዘው ስፖርት ቢያትሎን ይህን ጣጣ በደንብ ያስገድባል፡፡ ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ ለኢትዮጵያ የተወዳደረበት የአገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ ከኢላማ ተኩስ ጋር ሲደመር ቢያትሎን ይሆናል፡፡ በዚህ ስፖርት ደንብ ቃታ ቢያንስ ግማሽ ኪሎ ጉልበት ካልጠየቀ ጠመንጃው አይፈቀድም፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪን ካለፈም ውድድር አይጀመርም፡፡ የዓለም ምርጦች እንዲህ ከተጠነቀቁ፣ የጮቄው ባለ ጠመንጃ ቢጠነቀቅ ፈሪ አያሰኘውም፡፡

ሜዳ ላይ ኢላማውን የሳተ ኳስ በመልስ ምት ይመለሳል፡፡ ያመለጠ ጥይት ግን መልስ ምት የለውም፡፡