ጓዙን በጀርባው ያዘለ መንገደኛና ረጅሙ የአየር ጉዞ

ቀድሞ ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው መንገዱ ራሱ ያስተምረው ነበር። ከወደብ ወደ ወደብ ሲሻገር ሙቀቱን፥ ቋንቋውንና የገንዘቡን ዐይነት በየደረጃው እየለመደ ይሄድ ነበርና፥ ካሰበበት ሲደርስ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንም ነበር። ዛሬ ግን ጓዙን በጀርባው አዝሎ ዓለምን ለማየት የተነሣ ወጣት ከሎንዶን ተሳፍሮ በማግሥቱ በአውስትራልያ ምድር ይወርዳል። ይህ ፍጥነት ታላቅ በረከት መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን የመንገደኛው ሰውነትና ወረቀት ከአይሮፕላኑ እኩል ካልተራመዱ፥ ለብዙ ጊዜ የተጠራቀመው ገንዘብ በመጀመሪያው ቀን ሊባክን ይችላል።

ነገሩን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመልከት ይጠቅማል። በአውሮፓ አቆጣጠር ዲሴምበር 1 ቀን 1947 ዓ.ም. ካንታስ የተባለው የአውስትራልያ አየር መንገድ 29 መንገደኞችንና 11 ሠራተኞችን በኮንስተሌሽን አይሮፕላን አሳፍሮ ከሲድኒ ወደ ሎንዶን ላከ። አይሮፕላኑ በዳርዊን፥ በሲንጋፑር፥ በካልካታ፥ በካራቺ፥ በካይሮና በትሪፖሊ እያረፈ 4 ቀን ያህል ተጓዘ፤ መንገደኞቹም በሲንጋፑርና በካይሮ አደሩ። የደርሶ መልሱ ዋጋ 585 ፓውንድ ነበር፤ ይህም ከአንድ ተራ ሠራተኛ የዓመት ደመወዝ ይበልጥ ስለ ነበረ፥ ለወጣት መንገደኛ የሚታሰብ አልነበረም። በእኛም በኩል በኤፕሪል 8 ቀን 1946 ዓ.ም. የተደረገው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ካይሮ የገባው በአሥመራ በኩል ነበር። የዚያን ጊዜ የአየር ጉዞ በየማረፊያው ትንፋሽ መሰብሰቢያ ነበረው ማለት ነው።

ከ70 ዓመት በኋላ፥ ማርች 24 ቀን 2018 ዓ.ም. የዚያው አየር መንገድ አይሮፕላን ከፐርዝ ተነሥቶ 14,498 ኪሎ ሜትር ያላንዳች ማረፊያ በመብረር ከ17 ሰዓት ገደማ በኋላ ሎንዶን ደረሰ። ስድስት ማረፊያ የነበረው መንገድ በአንድ መቀመጫ ላይ ተጠቀለለ።

በዚህ ጊዜ የመጀመሪያውን ሂሳብ የሚከፍለው ሰውነት ነው። በአይሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ቢታመቅም እንደ ባሕር ዳር አየር አይሆንም፤ በብዙዎቹ አይሮፕላኖች እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ያለውን አየር ይመስላል። ይህም ከአሥመራ ከፍታ ብዙ አይርቅምና፥ የደጋው ሰው ልብ ሳይለው ያልፋል፤ የምጽዋ ሰው ግን ዳገት እንደ ወጣ ሊሰማው ይችላል። ከዚህም በላይ አየሩ እጅግ ደረቅ ስለ ሆነ ውሃ አዘውትሮ መጠጣት ያሻል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፥ ከ4 ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ ተቀምጦ መጓዝ ደም በእግር ሥር ውስጥ የመርጋቱን አደጋ እጥፍ ያህል እንደሚያደርገው ገልጿል። አደጋው በቍጥር ጥቂት ሰው የሚነካ ቢሆንም፥ መከላከያው ተነሥቶ መራመድና እግርን ማንቀሳቀስ ነውና ማንንም አያስከፍልም። እንቅልፍም እንዲሁ ነው። ሰውነት የሰዓትን ልዩነት የሚከተለው በቀን አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ከሎንዶን ፐርዝ የገባ ሰው ሳምንት ያህል በቀን ሊያንቀላፋ ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ወረቀት ነው። አውስትራልያ ወጣቶች እየሠሩ አገር እንዲጐበኙ የሚፈቅደውን ሥርዓት በ1975 ዓ.ም. አቁማለች፤ የሚገባው ሰው ግን ለመነሻ የሚበቃ ገንዘብ፥ ይኸውም 5,000 የአውስትራልያ ዶላር ያህል፥ እንዳለው እንዲያስረዳ ሊጠየቅ ይችላል። ብዙ ወጣቶች በመነሻው ጣቢያ ወረቀታቸውን የሚመረምረውን ጸሐፊ እንደ ክፉ ሰው ይቈጥሩታል። ሆኖም መግባት የማይፈቀድለትን መንገደኛ መልሶ የመውሰድ ግዴታ ያለበት ያመጣው አየር መንገድ ነው፤ በብዙ አገርም መቀጫ ይከፍላል። ስለዚህ ጸሐፊው የሚጠብቀው የድርጅቱን ገንዘብ ነው፤ ነጋዴ የሆነ ሁሉ ይህን ያለ አስረጂ ይረዳዋል።

ሦስተኛው ጓዝ ነው። በአውስትራልያ መግቢያ ላይ የምግብ ዘርና አፈር የነካው ጫማ ሳይቀር ለመርማሪ መነገር አለበት፤ የአገሩን እርሻ ከበሽታ ለመጠበቅ ነውና። ጫማውን ከመነሣቱ በፊት ያጠበ መንገደኛ ፈጥኖ ያልፋል፤ የደበቀ ግን ይቀጣል።

እንግዲህ አስተዋይ ወጣት ከቲኬቱ ጋር የመጀመሪያውን ሌሊት ማደሪያ ይይዛል፤ ወረቀቱንና ገንዘቡን በጀርባው ሻንጣ ሳይሆን በገላው ላይ ያኖራል፤ ሥራ ፍለጋውንም ሆነ ሩቁን መንገድ እንቅልፉ እስኪመለስ ድረስ ያቈየዋል። አይሮፕላኑ የቈረጠለትን ሦስት ቀን ለሰውነቱ መልሶ ቢሰጥ አይከስርም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላልና።