በዝግ ተሳቢ ውስጥ ሞተር ማሰር

በኦገስት መጀመሪያ ደቡብ ዳኮታ ውስጥ ወደምትገኘው ስተርጂስ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው ሞተር ሳይክል ሲጎርፍ ያያል። እዚያ የሚደረገው የሞተረኞች ስብሰባ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ የቆየ ነው። ዛሬ ግን ከሚመጡት ሞተሮች ብዙዎቹ አገር የሚያቋርጡት ከፒክአፕ ኋላ በተቀጠለ ተሳቢ ላይ ተጭነው ነው። አቅም ያለው ዝግ ተሳቢ ይመርጣል፤ ሞተሩን ዝናብ አይነካውም፣ ጠጠር አይመታውም፣ ሌባም አያየውም።

ስለ ተሳቢው ሲወራ ርዝመቱ፣ ቀለሙና ዋጋው ይነሣል። ሞተሩን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ግን ከዕቃው ሁሉ ርካሹ፣ ያ ባለ ራቼት የናይለን ወይም የፖሊስተር ማሰሪያ ነው፤ እሱን ማንም አያነሣውም። እኔ ይህን ማሰሪያ እወደዋለሁ፤ የሚገባውን ክብር አግኝቷል ብዬም አላምንም።

መሠረቱ አጭር ነው። ሞተሩ በመወጣጫው ይገባል፣ የፊት ጎማው ወለሉ ላይ በታሰረው የጎማ መያዣ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሁለት ማሰሪያ ከፊት፣ ሁለት ከኋላ ይታሰራል። የፊቶቹ ወደ ፊትና ወደ ታች፣ የኋላዎቹ ወደ ኋላና ወደ ታች ይስባሉ፤ ወደ ጎንም በ45 ዲግሪ ገደማ ይከፈታሉ። ይህን ያህሉን ሁሉም ያውቀዋል።

ሰው የሚሳሳተው የጎን መቆሚያው ላይ ነው። ሞተሩን ተሳቢው ውስጥ በጎን መቆሚያው አቁመው፣ እንዳዘነበለ አስረው የሚሄዱ ብዙ ናቸው። ቤት ደጃፍ ሲቆም አይወድቅም፣ እዚህም አይወድቅም ይላሉ። መቆሚያው ግን የተሠራው ለማይንቀሳቀስ መሬት ነው። አዘንብሎ የታሰረ ሞተር የቀኙ ማሰሪያ ብቻውን ይለፋል፤ የግራው እዚያ አለ ለመባል ያህል ነው። ተሳቢው ጉድጓድ በመታ ቁጥር የሚወርደው ክብደት መቆሚያው ከሻንሲው ጋር በተያያዘባት ቡሎን ላይ ያርፋል። ቡሎኗ ስትጎብጥ ወይም መቆሚያው ሲታጠፍ ሞተሩ ወደ ግራ ይሄዳል፣ የሚይዘውም ያ የቀኙ ማሰሪያ ብቻ ነው። እባካችሁ መቆሚያውን ወደ ላይ አጥፉት! ሞተሩ በሁለት ጎማው ቀጥ ብሎ ይቁም።

ቀጥ ብሎ ሲቆም ነው የማሰሪያው ሥራ የሚታየው። ሞተር እንደ ሌላው ዕቃ ወለል ላይ አይቀመጥም፤ በሞላ ላይ ነው የሚቆመው። ማሰሪያው ወደ ታች ይስባል፣ የሾኩ ሞላ ወደ ላይ ይገፋል፤ ማሰሪያውን ወጥሮ የሚይዘውም ይኸው ግፊት ነው። ተሳቢው ሲነጥር ሾኩ ለቅጽበት ይበልጥ ይታመቃል፣ ሞተሩ ወደ ወለሉ ይጠጋል፣ ማሰሪያውም ይላላል። ሞተር የምትጥለው ያቺ ቅጽበት ናት። ክፍት መንጠቆ ውጥረት ሲያጣ ከቀለበቱ ሹልክ ይላል፤ ሞላው ተመልሶ ሲገፋ በዚያ በኩል ያዥ የለም።

ኮሎራዶ ውስጥ በሃይዌይ 70፣ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው የአይዘንሃወር ዋሻ ወርጄ ነዳጅ ስቀዳ፣ አንድ ያገሬ ልጅ የተሳቢውን በር ከፍቶ ደርቆ ቆሞ አገኘሁት። ሞተሩ በጎኑ ግድግዳውን ተደግፏል፣ የፊት መስታወቱ ተሰብሯል፣ ቤንዚኑም ይሸታል። እሱን የገረመው ሌላ ነበር። «ወንድሜ፣ ማሰሪያው እኮ አልተበጠሰም!» አለኝ። እውነቱን ነው። አራቱም ማሰሪያዎች ደህና ነበሩ፣ ራቼቶቹም እንደተቆለፉ ነበሩ። ሁለቱ የግራ መንጠቆዎች ግን ወለሉ ላይ ተጋድመው ነበር።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛው መዝጊያ ምላስ ያለው መንጠቆ መግዛት ነው፤ ይህ ክርክር የለውም። ሁለተኛው ሾኩን ከመነሻው በልኩ ማመቅ ነው። የፊት ሾኩ ከሙሉ እንቅስቃሴው ሲሶ እስከ ግማሽ ያህል ከወረደ ሞላው ማሰሪያውን አጥብቆ ይወጥረዋል፣ ቀላል ንጥረት አያላላውም። ራቼት ጉልበቱ ብዙ ስለሆነ ግን ሾኩ እስኪነጥፍ ድረስ የሚያጠብቁ አሉ። እንዲህ የተደፈጠጠ ሾክ የሚታመቅበት ቦታ የለውም፤ የመንገዱ ምት ሁሉ በቀጥታ ወደ ዘይት መያዣው ጎሚኒ፣ ወደ መሪው ኩሺኔታና ወደ ሻንሲው ይሄዳል። ለቀላል ሞተር በእጅ ብቻ የሚሳበው ያለ ራቼት ማሰሪያ ይሻላል፤ የእጅ ጉልበት ራሱ ልክ ያበጅለታል። የጎማውንም ንፋስ አትርሱ፤ ንፋሱ የጎደለ ጎማ በመንገድ ላይ ይበልጥ ሲሟሽሽ ያጠበቃችሁትን ሁሉ ያላላዋል።

የት እንደሚታሰርም ቁም ነገር ነው። የመሪው ጫፍ ለመሳብ ይመቻል፣ ግን ይጎብጣል፤ የፍሬንና የፍሪሲዮን ገመዶችም እዚያው ናቸው። ሁለቱ የፊት ሾኮች ከመሪው ሥር የሚያያዙበት ወፍራም ብረት ላይ ለስላሳ የጨርቅ ቀለበት አጥልቁና መንጠቆውን ከቀለበቱ ጋር አገናኙት። ብረት ከብረት አይፋጭም፣ ቀለሙም አይላጥም።

በከባድ መኪና ሥራ ላይ ያላችሁ ወገኖች ቁጥሩን ታውቁታላችሁ። የፌዴራሉ ደንብ የጭነት ማሰሪያ ወደ ፊት የዕቃውን ክብደት 0.8 እጥፍ፣ ወደ ጎን 0.5 እጥፍ የሚሆን ግፊት እንዲቋቋም ያዛል። ለንግድ መኪና የወጣ ደንብ ነው፤ የተፈጥሮ ሕግ ግን የግልና የንግድ አይልም። 400 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሞተር በዚህ ስሌት ፍሬን ሲያዝ በ320፣ በኩርባ ላይ በ200 ኪሎ ይገፋል። ማሰሪያው ላይ የተሰፋችውን ጽሑፍ አንብቧት፤ ትልቁ ቁጥር የመበጠሻው ነው፣ የሚሠራበት አቅም ሲሶው ብቻ ነው። ጠርዙ የተበላ ወይም ፀሐይ ያነጣው ማሰሪያ ይጣል።

ይህ ሁሉ ጉልበት የሚያርፈው ወለሉ ላይ ባለው ቀለበት ነው። የብዙ ተሳቢዎች ወለል ኮምፐርሳቶ ነው፣ ቀለበቱን በአራት ቪቴ ኮምፐርሳቶው ላይ ብቻ ይዘው የሚሸጡም አሉ። ቪቴ ከእንጨት ይነቀላል። ቀለበቱ ከሥር ካለው የብረት አግዳሚ ጋር በቡሎን ይታሰር፤ ካልተቻለ ከሥሩ ወፍራም ላሜራ ይደረግለት። ተሳቢ ስትገዙ ተንበርክካችሁ ከሥር እዩ። ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ።

ክብደቱ ወደ ፊት ያድላ፤ ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው መቀጠያው ላይ ካላረፈ ተሳቢው ጅራቱን መወዝወዝ ሊጀምር ይችላል። የነዳጅ መዝጊያ ያለው ሞተር ይዘጋ፤ ሞተሩንም በተዘጋ ተሳቢ ውስጥ አታስነሡ፣ ጭሱ ይገድላል።

የዝግ ተሳቢ ትልቁ ጉድለት አለማሳየቱ ነው። በፍላትቤድ የሚጭን ሰው ሎዱን በመስታወት ያየዋል፤ እናንተ የምታዩት ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው። የንግድ ሹፌር በመጀመሪያዎቹ 50 ማይል ውስጥ ቆሞ ጭነቱን እንዲያይ ደንቡ ያዘዋል። እናንተም ቁሙ። በሩን ክፈቱ፣ አራቱንም ማሰሪያ በመዳፋችሁ ተጫኑ፣ የላላውን አጥብቁ፣ መንጠቆዎቹን አንድ በአንድ ዳስሱ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።