ፈተና ክፍል ውስጥ መድኃኒት ይዞ መግባት ይቻላል?

የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ቤታችሁ ካለ ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ባለፈው ክረምት አንዲት ተማሪ ከእናቷ ጋር ወደ ክሊኒክ መጣች። ዓይነት 1 የስኳር ሕመም አለባት። ከ11 ዓመቷ ጀምሮ ኢንሱሊን ትወጋለች፤ እኔም ለዓመታት የተከታተልኳት ልጅ ናት። "ዶክተር፣ ፈተናው አልሆነልኝም" አለችኝ። እናቷ ቀድማ ማልቀስ ጀመረች።

የሆነው እንዲህ ነው። በፈተናው ሁለተኛ ቀን ጠዋት ኢንሱሊኗን እንደወትሮዋ ተወጋች። ሰልፉና ፍተሻው እንዳያረፍዳት ብላ ቁርሷን በቅጡ ሳትበላ ወጣች። ሁልጊዜ ከኪሷ የማይጠፋውን ከረሜላና የስኳር መለኪያዋን ደግሞ ዶርም ትታ ሄደች። ማንም አልቀማትም። "ምንም ነገር ይዞ መግባት አይቻልም ሲሉ ሰማሁ። ኩረጃ መስሏቸው እንዳያስወጡኝ ፈራሁ" ነው ያለችኝ።

ፈተናው ተጀምሮ አንድ ሰዓት ገደማ ሲሆን እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ አላባት፣ ልቧ ድው ድው አለ። "የፈተና ፍርሃት ነው" ብላ ራሷን አጽናናች። ከዚያ አንዱን ጥያቄ አራቴ አንብባ ምንም አልገባትም። ፈታኙ ያያት ጠረጴዛዋ ላይ ከተደፋች በኋላ ነው። ወደ ግቢው ክሊኒክ ወስደው ግሉኮስ ሰጧት፣ ነቃች። የዚያ ቀን ፈተና ግን አለፈ።

ጥፋቱ የእሷ ብቻ አይደለም፤ የእኔም ነው። ፈተና እንዳለባት አውቅ ነበር። የኢንሱሊን መጠኗን አይቼ፣ "በርቺ" ብዬ ሸኘኋት። አንድ ደብዳቤ ጽፎ ማህተም መምታት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ አላሰብኩትም።

የተከለከለው እና የታዘዘላችሁ ይለያያሉ

ፍተሻው የጠበቀው ያለምክንያት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው ወጥቶ መሰረዙን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው፣ እዚያው እያደሩ መፈተን ጀመሩ። ስልክ፣ ስማርት ሰዓት፣ የጆሮ ማዳመጫና ማንኛውም ኤሌክትሮኒክስ ክልክል ነው። ይህ መከበር አለበት።

ችግሩ ልጆቻችን "ስልክ ክልክል ነው" የሚለውን "ሁሉም ነገር ክልክል ነው" ብለው መረዳታቸው ነው። ስለዚህ ሁለት ስህተት ይሠራሉ፤ አንዳንዱ መድኃኒቱን ትቶት ይሄዳል፣ አንዳንዱ ደብቆ ይገባል። ሁለቱም አደገኛ ነው። ትክክለኛው መንገድ አስቀድሞ ማሳወቅ፣ በፍተሻ ጊዜ ራስ አውጥቶ ማሳየት ነው። የመጨረሻው ውሳኔ የፈተናው አስተባባሪዎች ስለሆነ ጥያቄው መቅረብ ያለበት በር ላይ ሳይሆን ከሳምንታት በፊት ነው።

ምን ምን ይያዝ?

👉 የስኳር ሕመም ያለበት፦ የስኳር መለኪያ ማሽን ከነስትሪፑ፣ ከረሜላ ወይም ግሉኮስ፣ ውሃ። ክንድ ላይ የሚለጠፈውን መለኪያ በስልክ የምታነቡ ከሆነ ስልኩ አይገባምና በጣት የሚለካውን ማሽን አዘጋጁ።

👉 አስም ያለበት፦ ፓፍ (ሳልቡታሞል)። ፈተናው በዝናብና በብርድ ወቅት ስለሚሆን፣ ዶርም ውስጥ አቧራም ስለማይጠፋ "ከተሻለኝ ቆይቷል" ብላችሁ አትተዉት። በየቀኑ የሚወሰድ መከላከያ ፓፍ ካላችሁ አታቋርጡ።

👉 የሚጥል በሽታ ያለበት፦ መድኃኒቱን በሰዓቱ መውሰድ ግዴታ ነው። እንቅልፍ ማጣት በሽታውን ይቀሰቅሳል፤ ሌሊቱን ሙሉ ማጥናት ለእናንተ አይሆንም። አብሯችሁ የሚያድር አንድ ጓደኛ እንዲያውቅ አድርጉ።

👉 የመስሚያ መሣሪያ ያለው፦ ከሩቅ ሲታይ የብሉቱዝ ማዳመጫ ይመስላል። ሳትጠየቁ በፊት አሳዩ፣ ደብዳቤ ያዙ።

👉 ሴት ተማሪዎች፦ ቀኑ ባይደርስም ሞዴስ ያዙ፤ ጭንቀት የወር አበባን ሊያዛባ ይችላል። ሕመሙ የሚጠናባችሁ ከሆነ ማስታገሻውን ከመግባታችሁ በፊት በልታችሁ ውሰዱ።

👉 መነጽር፦ ካለ ትርፍ መነጽር ጨምሩ። ተሰብሮ በግምት የፈተነ ልጅ አይቻለሁ።

ሁሉንም ውስጡ በሚታይ ፌስታል አድርጉ። መድኃኒቱን ከራሱ ማሸጊያ አታውጡ፤ ማሸጊያው ውስጥ ያለውን የታተመ ወረቀት ግን ቤት ተዉት። በፍተሻ ላይ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት መገኘቱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ደብዳቤው ምን ይላል?

ከፈተናው ቢያንስ አንድ ወር በፊት ወደምትከታተሉበት ጤና ተቋም ሂዱ። ደብዳቤው ላይ ሙሉ ስም (አድሚሽን ካርዱ ላይ እንዳለው)፣ የሕመሙ ዓይነት፣ የሚያዙት ዕቃዎች አንድ በአንድ በስማቸው፣ በፈተና መሃል ምን ማድረግ ሊያስፈልግ እንደሚችል (ስኳር መለካት፣ ከረሜላ መብላት፣ ሽንት ቤት መሄድ)፣ የሐኪሙ ፊርማና ማህተም ይኑር። ሁለት ኮፒ አድርጉ። አንዱን ለትምህርት ቤታችሁ ስጡና ለሚመለከተው እንዲያሳውቁላችሁ ጠይቁ፤ አንዱን በእጃችሁ ያዙ። ግቢ በገባችሁበት ቀን የግቢውን ክሊኒክ ፈልጋችሁ አሳውቁ።

ኢንሱሊን የሚወጋ ልጅ ለሙሉ ቆይታው የሚበቃውን ይያዝ። የተከፈተ ኢንሱሊን ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ እስከ 4 ሳምንት ገደማ ያለ ፍሪጅ ይቆያል። ሙቀት በሚበዛበት ግቢ ውስጥ ውሃ የጠጣ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ ይረዳል። ፀሐይ ላይ አይተው፣ በረዶም አይንካው።

ፍርሃት ነው ወይስ ስኳር ወርዶ?

ልጅቷን ያሳሳታት ይህ ነው። መንቀጥቀጥ፣ ማላብና የልብ ምት መፍጠን በፈተና ፍርሃትም፣ በስኳር መውረድም ይመጣሉ። ስኳር ሲወርድ ግን ብዙ ጊዜ ረሃብ፣ የዓይን ብዥታና የሐሳብ መደናገር ይጨመርበታል። አእምሯችን ከምንጠቀመው ኃይል 20 በመቶ ያህሉን ብቻውን ይወስዳል፤ ስኳር ሲያልቅበት ያጠናችሁት ሁሉ እያለ ማውጣት ያቅተዋል።

ስለዚህ መለያ ጊዜ አታባክኑ። እጅ አውጥታችሁ ለፈታኙ ንገሩና ለኩ። ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም መለካት ካልቻላችሁ፣ 15 ግራም ያህል ስኳር ውሰዱ፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ወይም ማር፣ ግማሽ ብርጭቆ ጁስ፣ ወይም እንደ መጠኑ ከ3 እስከ 5 ከረሜላ። ቸኮሌት አይመረጥም፤ ቅባቱ ስኳሩን ያዘገየዋል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ ለኩ፤ ካልተስተካከለ ድገሙ። ፈታኞችም ይህን ብታነቡ፦ ራሱን የሳተ ልጅ አፍ ውስጥ ምንም ነገር አትጨምሩ፤ በጎኑ አስተኝታችሁ ሐኪም ጥሩ።

ውጭ አገር ላላችሁ

ደንቡ ከፈተና ፈተና ይለያያል፤ መርሁ ግን ያው ነው፣ ቀድሞ መጠየቅ። አሜሪካ ልጃችሁ ኤስኤቲ የሚፈተን ከሆነ በፈተና ክፍል ስኳር መለካት የመሳሰለው ፈቃድ ይጠይቃል፤ ማመልከቻው ታይቶ መልስ እስኪመጣ እስከ 7 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። አይኤልቲኤስ ላይ ውሃ በግልጽ ጠርሙስ ይፈቀዳል፤ ሰዓትና ስልክ ውጭ ይቀራሉ። የሙያ ፈቃድ ለማውጣት ፕሮሜትሪክ የምትፈተኑ የገልፍ ነርሶቻችንም ኪስ ተገልብጦ፣ መነጽር ሳይቀር እንደሚታይ አውቃችሁ፣ የሕክምና ዕቃችሁን በተመለከተ ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ።

ያቺ ልጅ ዘንድሮ በድጋሚ ትፈተናለች። ባለፈው ሳምንት መጥታ ደብዳቤዋን ጻፍኩላት። "ከረሜላ" የሚለውን ቃል ወረቀቱ ላይ ስታይ ሳቀች። "ይሄንንም ይጻፋል እንዴ?" አለችኝ።

አዎ፣ ይጻፋል። ከመድኃኒቱ እኩል ይጻፋል።

ተፈታኝ ላለው ቤተሰብ ሼር አድርጉት። ለተማሪዎቻችን ሁሉ መልካም ፈተና፣ መልካም ጤና!