«ለትርፍ ያልቆመ» ማለት ምን ማለት ነው?

አንዳንድ ድርጅት ሰው ሰብስቦ «እኛ ለትርፍ የቆምን አይደለንም» ይላል። እኛም በልባችን «እንግዲያ በነጻ ሊሰጠን ነው» እንላለን። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ቃሉን ሳናውቅ ከፈረምን ዕዳ ሊመጣብን ይችላል።

ከምናውቀው እንነሣ። በእኛ በወሎ ቅሬ አለ፤ ሌላው አገር ዕድር ይለዋል። እናዋጣለን፤ ሰው ሲሞት ገንዘቡ ለቀብርና ለለቅሶ ይወጣል። ከሣጥኑ ቢተርፍስ? አንከፋፈለውም፤ ለሚመጣው ሐዘን ይቀመጣል። ለትርፍ ያልቆመ ማለት ይኸው ነው። እንዲህ ያለው ድርጅት ሠራተኛ ይቀጥራል፤ ደመወዝ ይከፍላል፤ ገንዘብም ሊተርፈው ይችላል። የተረፈውን ግን «የኔ ነው» ብሎ ወደ ኪሱ የሚያስገባ ባለቤት የለውም።

የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሌላ ነው። ማዳበሪያ ስለሚያመጣልን እርዳታ ሰጪ ይመስለናል እንጂ፣ ዕጣ የገዛ አባል ከትርፉ ድርሻ አለው። ስለዚህ «የዘንድሮው ትርፍ ስንት ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው።

«መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት» ደግሞ መንግሥት ያላቋቋመው ማለት ነው። መንግሥትን የሚቃወም ማለት አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 «የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት» ይለዋል። ለአስተዳደር ከገቢው ከ20 በመቶ በላይ እንዳያወጣም ደንግጓል። እዚሁ ሲሪንቃ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ግን የመንግሥት ነው፤ ዘር ለሙከራ ስለሰጠን ኤንጂኦ አይሆንም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በእርዳታና በብድር ነው። በ1977ቱ ድርቅ የታደለው እህል እርዳታ ነበር፤ መልሱ ያለ የለም። አብቁተን እንይ። በ1980ዎቹ ማብቂያ ሲጀመር ያስጀመረው ኦርዳ ነው። ኦርዳ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። አብቁተ ግን ከመነሻው የሚሰጠው ብድር ነበር፤ ከነወለዱ ይመለሳል። ኋላም አክሲዮን ማኅበር ሆነ፤ ዛሬ ፀደይ ባንክ ይባላል። «ኦርዳ ያመጣው ነውና አይመለስም» ያለ ሰው ተሳስቷል።

በሁለቱ መካከል ደግሞ ተዘዋዋሪ የሚሉት አለ። ፍየል ይሰጡናል፤ የመጀመሪያዋን ግልገል ለጎረቤት እናስተላልፋለን። ገንዘብ አይጠየቅም፤ ግን ዕዳ አለበት። ፍየሏ ሳትወልድ ብትሞትስ ማን ይከፍላል? ከመፈረማችን በፊት ይህ በውሉ ላይ መጻፉን ራሳችን እናንብብ። ካልተጻፈ «ጻፉልን» እንበላቸው።