የተቸገረ ሰው ስም አማና ነው

ረመዳን አጋማሹን ሲያልፍ በየሰፈሩና በየመስጊዱ ደብተር ይከፈታል። ባሏ የሞተባት እናት፣ የቲሞችን የምታሳድግ አያት፣ ሥራ የፈታ ጎረቤት፣ ከቀዬው ተፈናቅሎ የመጣ ቤተሰብ ስማቸው በዚያ ደብተር ይሰፍራል። የኢፍጣር ቴምርና ዱቄት፣ ሩዝና ዘይት፣ በመጨረሻም ዘካተል ፊጥር የሚከፋፈለው ያንን ዝርዝር ተከትሎ ነው። ስለሚሰጠው ነገር ብዙ እንነጋገራለን፤ ስለ ዝርዝሩ ግን እምብዛም አንነጋገርም። ለመሆኑ ማን ያዘጋጀዋል? ማን ይዘለልበታል? ሥራው ካለቀ በኋላስ የት ይቀመጣል?

ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ በሰፈር ደብተር ላይ የሚያጋጥመው ችግር በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ በሚረዱ ፕሮግራሞች መዝገብ ላይም ያው ነው። ስሙ የተዘለለ ሰው ድርሻው ይቀርበታል። ሁለት ጊዜ የተጻፈ የሌላውን ይወስዳል። ስሙ ያላግባብ አደባባይ የወጣ ደግሞ ክብሩን፣ አንዳንዴም ደኅንነቱን ያጣል።

ዲዋን እና የሕፃኑ ልቅሶ

መዝገብ ለእስልምና ታሪክ እንግዳ አይደለም። በኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ዘመን ግዛቱ ሲሰፋና ወደ መዲና የሚገባው ሀብት ሲበዛ፣ በ20ኛው ዓመተ ሂጅራ ገደማ «ዲዋን» የተባለ መዝገብ ተቋቋመ። የዘር ሐረግ አዋቂዎች ተመርጠው የሰዉን ስም በየጎሳው ጻፉ፤ ለእያንዳንዱም ከበይተል ማል የሚደርሰው ድርሻ ተወሰነ።

የታሪክ ጸሐፊዎች ከዚሁ መዝገብ ጋር የሚያያዝ አንድ ታሪክ አቆይተውልናል። መጀመሪያ ላይ ለሕፃናት ድርሻ የሚቆረጠው ጡት ከጣሉ በኋላ ነበር። አንድ ሌሊት ዑመር ከዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ ጋር ሆነው ከከተማው ዳር ያረፉ ነጋዴዎችን ሲጠብቁ የሕፃን ልቅሶ ሰሙ። እናቲቱን ልጇን እንድታባብል ደጋግመው ቢነግሯትም ልቅሶው አልቆመም። በመጨረሻ ለምን እንደሚያለቅስ ሲጠይቋት፣ ማንነታቸውን አላወቀችምና፣ ዑመር የሚሰጡት ጡት ለጣለ ልጅ ብቻ ስለሆነ ያለጊዜው እያስጣለችው መሆኑን ነገረቻቸው። ዑመር የሱብሒን ሶላት እንባ እየተናነቃቸው አሰገዱ። ወዲያውም ማንም ልጁን ያለጊዜው ጡት እንዳያስጥል አሳወጁ፤ ድርሻው ልጁ ከተወለደበት ጊዜ ጀምሮ እንዲሆን ለየግዛቱ ትእዛዝ ላኩ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው በመዝገብ ላይ የሰፈረች አንዲት መስፈርት እስከ ሕፃን ጡት ድረስ እንደምትደርስ ነው። መስፈርቷ የወጣችው በክፋት አልነበረም። ጉዳቷ የታወቀው ግን ያወጣት ሰው በሌሊት ወጥቶ ስለሰማ ነው። ዛሬም ከመዝገቡ ጀርባ ያለ ሰው ወጥቶ ካልሰማ፣ ወረቀቱ ብቻውን ስለ ረሃብ አይናገርም።

ዝርዝሩ በአገራችን እንዴት ይዘጋጃል?

በአገራችን ከሚታወቁት የዚህ ዓይነት መዝገቦች ትልቁ በ1997 ዓ.ም የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። ከዚያ በፊት በየዓመቱ ድርቅ ሲመጣ እርዳታ ይጠየቅ ነበር፤ እህሉም ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ገበሬው ከብቱን ሸጦ ከጨረሰ በኋላ ነው። ፕሮግራሙ ይህን ለመለወጥ በየዓመቱ የምግብ እጥረት የሚያጋጥማቸውን ቤተሰቦች አስቀድሞ መዝግቦ ጥሬ ገንዘብ ወይም እህል መስጠት ጀመረ። በጥቂት ዓመታት ውስጥም ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን አቀፈ። ጉልበት ያላቸው በአፈርና ውኃ ጥበቃ፣ በመንገድና በመሳሰለው ሥራ ይሳተፋሉ። አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሠርቶ የሚያበላቸው የሌላቸው ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናቶችም ለጊዜው ከጉልበት ሥራው ይወጣሉ። በ2009 ዓ.ም ደግሞ አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች የከተማ ሴፍቲኔት ተጀመረ።

በገጠሩ ማን ይካተት የሚለው የሚጀምረው ከመንደሩ ነው። ከነዋሪው የተመረጡ ሰዎች ያሉበት የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ዝርዝር ያዘጋጃል፤ ዝርዝሩ በስብሰባ ይነበባል፣ ነዋሪው አስተያየት ይሰጥበታል፣ ቀበሌና ወረዳም ያጸድቁታል። ቅር ያለው ሰው ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል። ከዚያ በኋላ ስሙ ወረዳ ላይ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፤ ስንት ቀን እንደሠራና ስንት እንደሚከፈለው የሚያሳየው ሰነድ የሚወጣው ከዚያ ነው። ከመንደር ስብሰባ እስከ ክፍያ ቀን ባለው መንገድ አንድ ስም የሚወድቅበት ቦታ ብዙ ነው።

የዚህ አሠራር ጥንካሬው የጎረቤትን ኑሮ ጎረቤት ማወቁ ነው። ማን በሬ እንዳለው፣ የማን ልጅ ከዐረብ አገር ገንዘብ እንደሚልክ፣ የማን ጎተራ ባዶ እንደሆነ ከሩቅ የመጣ ባለሙያ አያውቅም። ድካሙም ከዚያው ይመነጫል፤ በኮሚቴው ውስጥ ዘመድ የሌለው፣ በቅርቡ የመጣ ተፈናቃይ፣ ችግሩን መናገር የሚያፍር ሰው በቀላሉ ይዘለላል። ቅዱስ ቁርኣን በሱረቱል በቀራህ ስለ እነዚህ ሰዎች ያወሳል፤ ከመጠየቅ ስለሚቆጠቡ የማያውቃቸው ሰው ሀብታም ናቸው ብሎ ያስባቸዋል። እነርሱን ለማግኘት እጁን የዘረጋውን ብቻ መመዝገብ አይበቃም፤ ያልዘረጋውን መፈለግ ያስፈልጋል።

ሁለት ጎጆ ያለው አባወራስ? ቅጹ «አንድ ቤተሰብ» ብሎ በባል ስም ብቻ ከያዘው፣ ከሁለቱ እናቶች የአንደኛዋ ልጆች ከወረቀቱ ውጭ ይቀራሉ። ስለዚህ መዝጋቢው መቁጠር ያለበት የሚነድደውን ምድጃ ነው።

አንድ ስም፣ ብዙ አጻጻፍ

የመዝገብ ስህተት ብዙ ጊዜ ከስም ይጀምራል። ሐሰን፣ ሀሰን፣ ሃሰን ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት ሰዎች ናቸው። ሙሐመድ፣ መሐመድ፣ መሀመድም እንዲሁ። በተቃራኒው በአንድ ቀበሌ አሕመድ ሙሐመድ የሚባሉ አራት አባወራዎች ቢኖሩ አያስገርምም። «ተደጋግሟል» ተብሎ ሦስቱ ቢሰረዙ ሦስት ቤት ጦሙን ያድራል። የአያትና የእናት ስም መጻፍ፣ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ቁጥር መስጠት፣ ከመሰረዝ በፊት ደጃፉ ድረስ ሄዶ ማረጋገጥ እዚህ ላይ ዋጋ አለው።

ዕድሜም እንደዚሁ ነው። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ እናቶችና አባቶች ዕድሜያቸውን የሚቆጥሩት በዘመነ መንግሥት ወይም በድርቅ ዘመን ነው። መዝጋቢው በግምት የሚጽፋት 52 ወይም 62 የምትል ቁጥር አንዲት እናት ድንጋይ ትሸከም ወይስ ቀጥታ ድጋፍ ታግኝ የሚለውን ልትወስን ትችላለች። ሞት ካልተመዘገበ የሞተ ሰው ድርሻ ይወጣል፤ ልደት ካልተመዘገበ የተወለደው ሕፃን ድርሻ አይኖረውም።

አሁን ፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ምስል በመውሰድ አንድን ሰው ከሌላው ይለያል። ይህ ድግግሞሽን ለመቀነስ ትልቅ እገዛ ነው። ነገር ግን ዘመኑን ሁሉ በዶማና በድንጋይ የኖረ ሰው የጣቱ መስመር ሊጠፋ ይችላል፤ አልጋ ላይ የዋለ አረጋዊም ወደ መመዝገቢያው አይሄድም። መሣሪያው «አላወቅሁህም» ያለውን ሰው ተቀብሎ የሚያስተናግድ ሌላ በር ሁልጊዜ ክፍት መሆን አለበት።

እምነት ሲጠፋ ዋጋውን የሚከፍለው ማነው?

በሰኔ 2015 ዓ.ም መጀመሪያ የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ተራድኦ ድርጅት (ዩኤስኤአይዲ) እና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ ኢትዮጵያ የሚሰጡትን የምግብ እርዳታ አቋረጡ፤ በትግራይ ቀደም ብለው አቋርጠው ነበር። ምክንያታቸው ለተቸገረው የተላከ እህል ወደ ሌላ እጅ እየገባ ነው የሚል ነበር። በ2016 ዓ.ም መጀመሪያ ወደ 900 ሺህ ለሚጠጉ ስደተኞች፣ ቀጥሎም ለሌሎች እርዳታው እንደገና ሲጀመር፣ ከተደረጉት ለውጦች መካከል የተረጂዎችን ምዝገባ በዲጂታል ማድረግና ቁጥጥሩን ማጥበቅ ይገኙበታል።

በእነዚያ ወራት እህሉን ያልሰረቀች እናት ነበረች ባዶ ስልቻ ይዛ የተመለሰችው። እህል ከመንገድ ሲጠፋ፣ ማን ምን ያህል እንደተቀበለ የሚያሳይ የታመነ መዝገብም ሳይኖር ሲቀር፣ ቅጣቱ የሚወርደው ከሁሉ በታች ባለው ላይ ነው። ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች መካከል በሱረቱ ተውባህ ዘካውን የሚሰበስቡና የሚያስተዳድሩ ሠራተኞች በስም መጠቀሳቸው ያለምክንያት አይደለም። መቁጠር፣ መጻፍና ማድረስ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ተጠያቂነትም አለበት።

መዝገብ ሲያፈስ

ጥሩ መዝገብ ስለ ሰው ብዙ ያውቃል። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ከምያንማር ሸሽተው ባንግላዴሽ የተጠለሉት የሮሂንጃ ሙስሊሞች እርዳታ የሚያገኙበትን ካርድ ለማውጣት ስማቸውን፣ ፎቷቸውንና የጣት አሻራቸውን ሰጥተው ነበር። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.አ.አ በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በኩል ከተሰበሰበው መረጃ ከ800 ሺህ በላይ የሚሆኑ ሰዎች መረጃ በባንግላዴሽ አማካይነት ለሸሹት የምያንማር መንግሥት መተላለፉን ገለጸ። ድርጅቱ ያነጋገራቸው ስደተኞች አብዛኞቹ መረጃቸው ወደዚያ እንደሚሄድ አልተነገረንም ብለዋል። ኮሚሽኑ በበኩሉ ፈቃድ ጠይቄ ነበር ሲል መልስ ሰጥቷል። እንግዲህ እናስብ፤ የራሽን ካርድ የሚጠብቅ የተራበ ሰው ፊት ቅጽ ተዘርግቶ «ትስማማለህ?» ሲባል «እንቢ» ማለት ይቻለዋል?

በጥር 2014 ዓ.ም ደግሞ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ የኮምፒውተር ጥቃት እንደደረሰበት አስታወቀ። የተነካው ከ515 ሺህ በላይ ሰዎች መረጃ ነበር፤ በጦርነት፣ በስደትና በአደጋ ከቤተሰባቸው የተለያዩና የጠፉ ሰዎች ይገኙበታል።

በአገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና የተሳሳተውን የማሳረም መብት እንዳለው አዋጁ ይደነግጋል። ይህ መብት ትልቅ ባለሀብት ብቻ የሚጠቀምበት አይደለም፤ የሴፍቲኔት ካርድ የያዘች እናትም መብቷ ነው።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ትልልቆቹ ፕሮግራሞች በራሳቸው ሕግ ይመራሉ። የመስጊዱና የሰፈሩ ደብተር ግን በእኛ እጅ ነው። በዚህ ረመዳን ልናደርጋቸው የምንችላቸው ነገሮች አሉ።

የሚያስፈልገውን ብቻ እንጻፍ። ዱቄት ለማድረስ ስም፣ የቤተሰብ ቁጥርና ቤቱ የሚገኝበት ቦታ ይበቃል። የበሽታው ዓይነት፣ የፍቺው ምክንያት፣ የዕዳው ልክ በደብተር የሚሰፍር አይደለም።

ሴቶችን በኮሚቴው ውስጥ እናስገባ። አንዲት እናት ለወንድ ሽማግሌ የማትነግረውን ችግር ለሴት ጎረቤቷ ትነግራለች። ግቢ ውስጥ በኪራይ የሚኖረውን፣ አዲስ የመጣውን፣ ከቤት የማይወጣውን በሽተኛ የሚያውቁት ብዙ ጊዜ እነርሱ ናቸው።

ዝርዝር በቴሌግራም አንልቀቅ። ሁለት መስጊዶች አንድ ቤት ለሁለት እንዳይረዱ፣ ሌላው ቤት እንዳይዘለል መመካከራቸው መልካም ነው፤ ለዚህ ግን አንድ አንድ ታማኝ ሰው ተገናኝቶ ደብተሩን ማመሳከሩ ይበቃል። ስምና ስልክ የያዘ ፎቶ ብዙ መቶ ሰው ባለበት ቡድን ውስጥ ከገባ መመለሻ የለውም።

ፎቶውን እንተው። ግራ እጅ የቀኙን ስጦታ እስከማያውቅ ድረስ ደብቆ መስጠት የተወደሰበት ዲን ተከታዮች ነን። ለጋሹ ማረጋገጫ ከፈለገ የተሰጠውን ከረጢት ብዛትና የተቀባዮችን ቁጥር ማሳየት ይቻላል፤ የእናቲቱን ፊት ማሳየት የግድ አይደለም።

ተቀባይ የሆነ ቤተሰብም ካርዱን በጥንቃቄ ይያዝ፤ ስሙና የቤተሰቡ ቁጥር በትክክል መጻፉን ያስነብብ፤ ልጅ ሲወለድም ሰው ሲሞትም ያስመዝግብ። ከተዘለለ ቅሬታ ማቅረብ ልመና አይደለም።

ዒዱ ካለፈ በኋላ ደብተሩ አንድ ኃላፊነቱን የተቀበለ ሰው ዘንድ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ የማያስፈልገው ገጽም ይቀደድ።

ዘካተል ፊጥር በነፍስ ወከፍ አንድ ሷዕ፣ በዛሬው ሚዛን ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ ግራም ገደማ እህል ነው፤ ከዒድ ሶላት በፊትም ከባለመብቱ እጅ መግባት አለበት። በዒዱ ዋዜማ ሌሊት ችግረኛ ፍለጋ መሮጥ ግን ያው የሚታወቀውን ቤት ደጋግሞ ማንኳኳት ይሆናል። ስለዚህ የቀሩትን ቀናት እንጠቀምባቸው። ዛሬ ከተራዊሕ መልስ ጎረቤት ለጎረቤት ስንገናኝ አንድ ነገር እንጠያየቅ፤ በዚህ ሰፈር እስካሁን ስሙን ማንም ያልጻፈው ማነው?

ረመዳን ሙባረክ!