ስለ ባለጉዳይ ሰልፍና ስለ ቍጥር ምርመራ

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2013 ዓ.ም. በናይሮቢ ዋና ፖስታ ቤት ሕንፃ ውስጥ ሁዱማ የተባለ ማእከል ተከፈተ። ሁዱማ በስዋሂሊ አገልግሎት ማለት ነው። ብዙ መሥሪያ ቤቶች በአንድ ጣራ ሥር ስለ ተሰበሰቡ ባለጉዳዩ ከደጅ ወደ ደጅ ከመንከራተት ዐረፈ።

ሆኖም በማናቸውም የባለጉዳይ አዳራሽ ሰልፉ አንድ ቀን ያጥራል፥ አንድ ቀን ይረዝማል። ሹሙ ሰልፉ በረዘመበት ቀን ተቈጥቶ ጸሐፊውን ቢቀጣ ፍርድ ሊያጓድል ይችላል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ዋልተር ሹዋርት በ1924 ለፋብሪካ ሥራ ያወጣው ሥዕል በዚህ ረገድ ይረዳል። የየቀኑ የመጠባበቂያ ደቂቃ ይመዘገባል፤ ከብዙ ቀን መዝገብ አማካዩ ይወጣል፤ ከአማካዩ በላይና በታችም፥ ቍጥሩ እንደ ልማዱ ከሚዋዥቅበት ልክ ሦስት እጥፍ ርቆ፥ ሁለት መስመር ይሰመራል።

በመስመሮቹ መካከል የሚዋዥቀው ቍጥር የአሠራሩ ጠባይ ስለ ሆነ ጸሐፊው አይወቀስበትም። አማካዩ ራሱ የረዘመ እንደ ሆነ አሠራሩን መለወጥ ይገባል፤ ይህም የሹሙ ፋንታ እንጂ የጸሐፊው አይደለም። ከመስመሩ ያለፈ ቀን ግን የተለየ ምክንያት ሳይኖረው አይቀርም፤ መብራት ጠፍቶ ወይም የግብር መክፈያው ቀን ደርሶ ይሆናል። ምክንያቱም በዚያው ቀን ይጠየቅ፤ ሰንብቶ የተጠየቀ ሰው ይረሳልና።